ኖርማ በግራ በኩል

ከከተማው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ጀርባ ወዳለው የመንገደኞች መስፈሪያ፣ ተጎታች ቤቱን፣ ካራቫኑን፣ በመኪና ጎትቶ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ፈተና ያልፋል። ፈታኞቹ ቀድመው የሰፈሩት ጡረተኞች ናቸው። አዲስ መኪና በበሩ ሲገባ ወንበራቸውን ወደዚያው አዙረው፣ ባል በኋላ ማርሽ ሲገባና ሚስት ከኋላ ቆማ ስትመራው ቢራ እየጠጡ ያያሉ። ሌላ መዝናኛ የለማ! ያለው አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤትና አቧራ ነው።

ክላይቭና ኖርማ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ኖርማ ወርዳ በግራ በኩል ቆመች።

"ና፣ ና… ቀኝ ቁረጥ… በቃ! ክላይቭ፣ ቁም!"

ክላይቭ የምታወዛውዘውን እጇን አላየም፤ አልቆመምም። የካራቫኑ ግራ ጥግ ከቧንቧው ምሰሶ ጋር ተላትሞ ተጨረማመተ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ቀኝና ግራሽን የምትለዪው መቼ ነው?" ብሎ ጮኸባት። ተመልካቾቹ ሳቁ።

"ይቅርታ" አለች ኖርማ። ከተጋቡ ጀምሮ የሚያጠፋው እሱ፣ ይቅርታ የምትለው እሷ ናት።

ከእሱ ሌላ እውነቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ክላይቭ በክረምቱ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶበት ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ሐኪሙ በግራ በኩል ያለው ዕይታው መጥፋቱንና ከእንግዲህ መንዳት እንደሌለበት ነግሮት ነበር። ክላይቭ ለልጃቸው "ደህና ነህ ብሎኛል" ብሎ ዋሸ፤ ኖርማንም አፏን አስያዛት።

ካራቫኑ ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ፣ "ጠዋት ያንን ባለብስክሌት አይተኸዋል?" አለችው።

"የቱን ባለብስክሌት?"

"እኮ! ለጥቂት ነው የሳትከው። ልጁ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነው የተረፈው። ስለ እግዚአብሔር ብለህ፣ እዚህ ሁለት ቀን እንረፍ። ልጃችን መጥቶ ይንዳልን።"

"ነገ ጠዋት እንነሳለን። መሪውን ከወሰድሽብኝ ከነነፍሴ ቀበርሽኝ ማለት ነው" አለና ወሬውን ዘጋው።

ነገ ደግሞ ብስክሌተኛው ቦይ ባያገኝስ? አለች ኖርማ በልቧ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንደ ደንቡ ሁሉም ወንበሩንና መጠጡን ይዞ ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። ኖርማ አይብና ብስኩት በሰሃን ይዛ ከክላይቭ በስተግራ ተቀመጠች። እሱ ጨዋታውን ጀምሮ ነበር።

"ቀኝ ስላት ግራ፣ ግራ ስላት ቀኝ! ይህቺን ሴት ተከትዬ ገደል አለመግባቴ ይገርመኛል።"

ሳቁ። ከጎናቸው የሰፈረው ኬቭማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ኖርማ ደሟ ፈላ። ሰሃኑን ከጭኗ አነሳችና ወደ ክላይቭ ግራ ጉንጭ አስጠግታ ያዘችው።

ክላይቭ ወሬውን ቀጠለ። እሷም ሰሃኑን አላወረደችም። መጀመሪያ የኬቭ ሚስት ዝም አለች፤ ቀጥሎ ኬቭ። ከዚያ የሚስቅ ጠፋ።

"ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?" አለ ክላይቭ። "ኖርማስ የት ሄደች? አይቡን የያዘችው እሷ ነበረች።"

ኬቭ ጉሮሮውን ጠረገ። "እዚሁ ናት፣ ወዳጄ። አጠገብህ።"

ክላይቭ ዘወር ሲል አፍንጫው ከሰሃኑ ጋር ተጋጨ። ብስኩቶቹ ደረቱ ላይ ረገፉ። በዙሪያው ያሉትን አንድ በአንድ ተመለከተ፤ ሁሉም እንዳወቁ ገባው። ኖርማ በዚያች ቅጽበት ሞቷን ተመኘች፤ እጇን ግን አላጠፈችም።

"ነገ አትነዳም አይደል፣ ጌታው?" አለ ኬቭ፣ ለታመመ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ። ክላይቭ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። ለኬቭ ሰጠው፤ ለእሷ አይደለም።

ካራቫናቸው ሲገቡ፣ "ለብቻችን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አላት።

"ስነግርህ መቼ ሰማኸኝ?"

ልጃቸው እስኪመጣ ድረስ ኖርማ የለመነችውን ዕረፍት አገኘች። ጠዋት ጠዋት ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ወንበሯን አውጥታ እንደ ወትሮው በባሏ ግራ ትቀመጥ ነበር። እሷን ለማየት ክላይቭ አንገቱን ማዞር ነበረበት። አላዞረም።