ግራ ጆሯቸው የተሰነጠቀ ላሞች

ሰውየው መጀመሪያ የመጣ ዕለት ብሪቱን አንድ ነገር አላማራትም። ሰላም ሲላት ዓይኑ እሷ ላይ አልነበረም። በትከሻዋ አሻግሮ በረቱ ውስጥ ያሉትን ላሞች ያያል። ከብት የሚገዛ ሰው ጡት ያያል፣ ሻኛ ያያል። ይህ ግን ጆሮ ጆሯቸውን ነበር የሚያየው።

«ዓሚ ዱሬሳ አለ?» አላት። አጎቴ ዱሬሳ ማለቱ ነው።

«ማን ልበለው?»

«የሐመድ ልጅ ማህጁብ መጣ በለው። ከደማዚን ነው የመጣሁት። እዛ ጦርነት ነው።» አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም።

ብሪቱ በሩን መልሳ ዘግታ ወደ ቤት ገባች። አባቷ አቶ ዱሬሳ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል።

«አባ፣ አንድ ሰው ይፈልግሃል። የሐመድ ልጅ ነኝ ይላል፣ ከሱዳን።»

ሬዲዮውን ዘጉት። ወዲያው ደግሞ መልሰው ከፈቱት።

«አላውቀውም። ሸኚው።»

«ሐመድ የሚባል ሰው አታውቅም?»

«ስንቱን ሐመድ ልወቅ? ሸኚው አልኩሽ እኮ!»

ማህጁብ አልተከራከረም። «እሺ። አጎቴ ቤት ነኝ፣ ከወንዙ ማዶ። እሱ ከጠራኝ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ግን እንደገና ዞር ብሎ ከብቶቹን አየ።

ከባምባሲ እስከ አሶሳ ባለው መንገድ የዱሬሳን የከብት እርባታ የማያውቅ ሾፌር የለም። የቤተሰቡን ታሪክም ሁሉም ያውቀዋል። አቶ ዱሬሳ በጎልማሳነታቸው ከቤጊ በኩል መጡ፤ ቀርከሃውን መንጥረው ጎጆ ቀለሱ፤ ያመጧቸውን ከብቶች ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ፈጀባቸው። አንዲት ጊደር ብቻ ተረፈች። ይህ ሁሉ መንጋ ከዚያች ጊደር ተራባ ይባላል። የብሪቱ ታላቅ ወንድም ፈየራ ከአሶሳ ነጋዴ ባመጣ ቁጥር ይህን ያወራል፣ ነጋዴውም ራሱን እየነቀነቀ ያደንቃል።

ብሪቱ ግን ከብት ታውቃለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርባታውን የያዘችው እሷ ናት። አንዲት ጊደር በአንድ ሰው ዕድሜ ይህን ሁሉ እንደማትወልድ ጠፍቷት አያውቅም፤ ብቻ ጮክ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሌላም ነገር ነበር። ግራ ጆሯቸው ከታች የተሰነጠቀ ላሞች ነበሯቸው። የነዚያን ጥጆች ጆሮ አባቷ ራሳቸው ካልሰነጠቁ ማንንም አያስነኩም። «የወተት ዘር ናቸው፣ ሴቶቹን እንዳትሸጡ» ይላሉ። እናቷም ታማ ሳለች አንድ ቀን እጇን ይዛ «ይህ ሁሉ የኛ እንዳይመስልሽ» ብላት ነበር። ያኔ ብሪቱ ስለ እግዚአብሔር የምታወራ መስሏት «አሜን» አለች።

ያን ሳምንት ሦስት ላሞች ጠፉ።

ቡሴ፣ ዋናው እረኛቸው፣ ሲጠየቅ መሬት መሬቱን እያየ «ጫካ ገብተው ይሆናል፣ አዴ ብሪቱ» አለ። ቡሴ ከብት ሲጠፋበት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። አሁን ግን ለፍለጋ እንኳ አልተነሳም።

ፈየራ ነገሩን ሲሰማ ከአሶሳ በሞተር ሳይክል በረረ። «ያ ከሱዳን መጣሁ ያለሽ ሰውዬ ነው! ሲሰልል ነበር የመጣው። ለምን ያን ዕለት አልደወልሽልኝም?»

«አባን ጠይቀው» አለች ብሪቱ። «ከብት ጠፋ ስለው ምሳ ቀረበ ወይ ነው ያለኝ።»

ፈየራ ይህን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እሷ ግን እህል አልወርድላት አለ። ማህጁብን ጠረጠረች፤ ቡሴን ጠረጠረች። ከዚያ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ አባቷን መጠርጠር ጀመረች። አባቷ ሌላ ቤተሰብ አላቸው? አንድ ሰው የሚያስፈራራቸው ነገር አለ? ወይስ የእርባታው ታሪክ ከሥሩ ውሸት ነው? ሽማግሌው ፊቷ ተቀምጠው ቡናቸውን ሲጠጡ አፋቸውን አፋቸውን ታያለች።

በማግስቱ ጠዋት ቡሴ አንድ ጆንያ ጨው ተሸክሞ ወደ ወንዙ ሲወርድ አየችው። መንጋው ያለው በሌላ በኩል ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ተከተለችው። ቡሴ ወንዙን ተሻግሮ በቀርከሃ የታጠረ አንድ ግቢ ገባ። ብሪቱ በአጥሩ ክፍተት አጮልቃ አየች። ሦስቱም ላሞቿ እዚያ አሉ። ሁለቱ ሣር ይበላሉ፤ አንዷ ለብቻዋ ማንጎው ሥር ታስራለች። ማህጁብ ቡሴን ትከሻውን ይዞ የሆነ ነገር ይለዋል።

ስልኳን አውጥታ ለፈየራ ደወለች።

ፈየራ ሁለት ሚሊሺያዎች ይዞ ደረሰና ሳይጠይቅ የማህጁብን ኮሌታ ጨመደደ።

«ሌባ! ስደተኛ ነኝ ብለህ ከብት ልትዘርፍ!»

«እኔ አልሰረቅኩም! ይሄ ሰውዬ አምጥቶ ሰጠኝ። የአባትህ ነው አለኝ።» ማህጁብ ወደ ቡሴ ጠቆመ። «ሁለቱ እውነት የኛ ነው። ያቺ የታሰረው ግን የኛ አይደለም። መልሰህ ውሰድ እያልኩት ነው። ወላሂ፣ እሱን ጠይቁ!»

«ቡሴ፣ ተናገር!» አለች ብሪቱ።

ቡሴ ላብ አጠመቀው። «አቶ ዱሬሳ ለማንም እንዳትናገር ብለውኛል። ምን አባቴ ላድርግ?»

ብሪቱ ማንጎው ሥር ወደታሰረችው ላም ሄደች። ግራ ጆሮዋ ደህና ነው። ወደ ሁለቱ ሄደች። ሁለቱም ግራ ጆሯቸው ከታች ተሰንጥቋል።

«ልቀቀው» አለችው ፈየራን። «ወደ ቤት እንሂድ። አባ ፊት ይለይለት።»

አቶ ዱሬሳ የከብቱንም የሰውንም ኮቴ ሰምተው በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

«ቡሴ፣ ስንቱን መለሰ?» አሉ።

«አንዷን፣ ጌታዬ። ከወሰድኩለት ቀን ጀምሮ ለብቻ አስሯታል። እንድመልሳት ሲለምነኝ ነበር።»

ሽማግሌው ምሶሶውን ተደገፉ። ፊታቸው ተቀያየረ። «ማህጁብ፣ ና ወደ እኔ» አሉ። ሲቀርብ ፊቱን በእጃቸው ዳበሱት። «አገጭህ የሱ ነው። ሐመድ እንዴት ሆነ?»

«ሞተ፣ ዓሚ። ከመሞቱ በፊት ዱሬሳ ጋ አማና፣ አደራ አለን፣ ግራ ጆሮውን እይ አለኝ።»

ፈየራ ጮኸ፤ «ምን እየተባለ ነው?»

አቶ ዱሬሳ ቁጭ ብለው ነገሯቸው። ገንዲው አንዲቷን ጊደር ያስተረፈላቸው እውነት ነው። ከዚያ ደርግ ሊወድቅ ሲል በአሶሳ ዙሪያ ውጊያ ሆነ። ጎረቤታቸው ሐመድ ልጆቹን ይዞ ወደ ሱዳን ሲሸሽ ከብቶቹን አደራ ብሎ ጥሎላቸው ሄደ። የሁለቱ መንጋ አብሮ ዋለ፣ አብሮ ተራባ። የሐመድ ላም የወለደችውን ሁሉ ጆሮውን እየሰነጠቁ ለዩ።

«ከዓመታት በፊት አንዱ መጥቶ የሐመድ ልጅ ነኝ ብሎኝ በሬ ሰጥቼው ነበር። አታላይ ነበር። ስለዚህ ይህንንም አላመንኩትም። የአባቱን ሁለት፣ የእኔን አንድ ላክሁ። አጭበርባሪ ቢሆን ሦስቱንም ነድቶ ይጠፋ ነበር።»

«እኛንስ?» አለች ብሪቱ። «እኔን ለምን አልነገርከኝም? በየቀኑ የማልባቸውን ላሞች!»

«ብነግራችሁ ትበሉት ነበር።»

«እኔ?»

ብሪቱ ከበረንዳው ወርዳ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ሌባ ናቸው ብላ የጠረጠረቻቸው አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ እሷን ሌባ ትሆናለች ብለው ሲጠረጥሯት ኖረዋል። እሷም ግን ጠርጥራቸዋለች።

ፈየራ ግን አልተዋጠለትም። «ሰነድ ያምጣ! ፍርድ ቤት ይሂድ! ግማሹን በረት ለአንድ አገጭ አንሰጥም!» ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ሚሊሺያዎቹም የሚይዙት ሰው አጥተው ተከተሉት።

ማህጁብ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ ቆመ። «እኔ መሬት የለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ላሞቹን የት ልውሰድ? እዚህ ይቆይ። ለልጆቼ የምትታለብ አንድ ልውሰድ። ሌላው እንደ ድሮው አማና ይሁን።»

አቶ ዱሬሳ ሊስማሙ አፋቸውን ሲከፍቱ ብሪቱ ዞረች።

«እንደ ድሮው አይሆንም። ቅዳሜ ከናንተም ከኛም ሽማግሌዎች ይምጡ። በረቱ በሰው ፊት ይለይ፤ ድርሻህን አገር ይየው። ፈየራም ቆሞ ይሰማል። ከዚያ በኋላ እጠብቅልሃለሁ።»

ማህጁብ ትንሽ አሰበ። «አንተ አታምነኝም?»

«ገና አላመንኩህም» አለች። «አንተም አትመነኝ። ቅዳሜ ና።»

ሰውየው ሳቀ፤ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያኔ ነው። ቡሴ የምትታለበዋን ላም ሊያወጣለት ሄደ። ብሪቱ ወደ በረንዳው ተመልሳ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አባ፣ ሌላ ያልነገርከን ነገር አለ?»

«የለም» አሉ አቶ ዱሬሳ።

ብሪቱ ስልኳን አንስታ ቅዳሜ እንዲመጣ ልትነግረው ፈየራ ጋ ደወለች። አላነሳም። ደግማ ደወለች።