አራት ጋሼ ወደ መሬት

ጋሼ የጓዳውን ክፍል መሠረት ያወጣ ቀን ጠጥቶ ነበር ይባላል። ይባላል ይባል እንጂ የምትለው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሚስቱ እትዬ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ቆጣሪ አንባቢም ቢሆን፣ ገና ሳይቀመጥ ትጀምርለታለች። «ግንበኛ ነው እኮ። የሰው ቤት ሲሠራ እንደ ክር ቀጥ ያደርጋል፤ የራሱ ላይ ሲደርስ ጠጥቶ መጣና ይኸውልህ።» ጋሼ ይህን ሲሰማ ጣራ ጣራውን ያያል።

ክፍሉ በእርግጥ ጉድ ነው። አምስት ግድግዳ አለው፤ አንዱም ከሌላው ጋር ፊት ለፊት አይተያይም። ቁም ሣጥን አያስጠጋም፤ አልጋውና ግድግዳው መሃል ባለው ክፍተት ስንት ጫማ ገብቶ ጥንዱን ነጠላ አድርጎት ቀርቷል። እዚያ የምትተኛው የጋሼ የወንድሙ ልጅ ናት።

በሥራ ቦታዋ ምላጭ ይሏታል፤ ለምላሷ ነው። ዲፕሎማ የላትም። ሬዲዮ ጥገና ቤት ቁጭ ብላ፣ ሰው የጣለውን መጽሐፍ እያነበበች፣ የተቃጠለ የሬዲዮ ሰሌዳ እየፈታታች ነው የተማረችው። አሁን ያለችበት ድርጅት የገባችው በመግቢያ ፈተና ስድስት ባለ ዲግሪዎችን ጥላ ነው፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳ አልፈቀደችም።

ሥራዋ ማጣሪያ መንደፍ ነው። ስልክ በአየር ላይ ያለውን ጫጫታ ሁሉ በአንድ አንቴና ይሰበስባል፤ ማጣሪያው የራሱን ለይቶ ያስገባል፣ የሌላውን ከደጅ ይመልሳል። እንዴት ቢሉ፣ የመጣውን መልእክት ከፀጉር በቀጠኑ ንጣፎች ላይ ወደ ድምፅ ይቀይረዋል፤ የውሻ ጆሮ እንኳ የማይደርስበት ድምፅ ነው። ንጣፎቹ የሚፈልጉትን ድምፅ ብቻ መርጠው ይርገበገቡና መልሰው ኤሌክትሪክ ያደርጉታል። እትዬ ግን «የድምፅ ማጣሪያ ትሠራለች» ብላ ሰፈሩን ስለሞላችው፣ ጉሮሮው የተዘጋ ዘፋኝ ሳይቀር በር አንኳኩቷል።

ምላጭ ንጣፎቿን አራት ማዕዘን አድርጋ፣ ጠርዛቸውን አስተካክላ፣ ለዓይን የሚያምር አድርጋ ነድፋቸው ነበር። ናሙናው ከፋብሪካ መጥቶ ሲለካ፣ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት መስመር በመለኪያው ስክሪን ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አወጣ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ አለቃዋ ኢንጂነሩ።

«የፋብሪካው ጥፋት ነው።»

«ሦስት ናሙና ለካን፤ ሦስቱም ጥርስ አለው።»

«ሦስቴ አጥፍተው ነዋ።»

ኢንጂነሩ መነጽሩን አወለቀ። «ስሚ፤ ሐሙስ የታረመው ንድፍ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሌላ ዕድል የለም። ጥርሱ ካልወለቀ ተሠርቶ ያለቀውን ከውጭ ገዝተን እናስገባለን።»

ተሠርቶ ያለቀ ከተገዛ ነዳፊ ምን ያደርጋል? ምላጭ ሳይነግሯት ገባት። ወደ ሬዲዮ ጥገና ቤቱ፣ «ነግረንሽ አልነበር?» ለማለት አፋቸው ወደሚበላቸው ሰዎች መመለስ ነው።

ማክሰኞ ሳሎኑ ቀለም ሊቀባ ዕቃው ወጥቶ ባዶውን ነበር። ቀለም ቀቢው መጣ፤ እትዬ ባልዲውን እንኳ ሳያስቀምጥ ጀመረችው። «መሠረቱን ያወጣ ቀን ጠጥቶ ነበር።» ባዶው ሳሎን ቃሉን ተቀብሎ ነበር፣ ነበር፣ ነበር እያለ ከግድግዳ ግድግዳ አላጋው። ምላጭ ጥግ ላይ ወረቀቷን እንደያዘች ጥርሷን ነከሰች። እትዬ ማስረጃውን ልታሳየው ቀለም ቀቢውን ወደ ጠማማው ክፍል ወሰደችው። «ይኸው፤ ጠጥቶ ነበር አላልኩህም?» እዚያ ግን ቃሉ አንዴ ወጣ፤ በቃ ቀረ። በዚያ ቤት ያ ወሬ ሳይደገም ሲቀር የመጀመሪያው ነው።

ምላጭ ወረቀቷን ጥላ ተነሳች።

«እትዬ፣ እስኪ ይድገሙት።»

እትዬ በሃያ ዓመት ውስጥ «ይድገሙት» ያላት ሰው አልነበረም። በደስታ ደገመችው።

ምላጭ ድምፁን የዋጠው ልብሱ ይሆናል ብላ አልጋውንም ፍራሹንም በቀለም ቀቢው አስጎትታ አስወጣች። ባዶው ክፍል መሃል ቆማ አጨበጨበች፤ አንዴ ተሰማና ተበተነ። ሳሎን ሄዳ አጨበጨበች፤ ጠ፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ። ተመልሳ ደግሞ አጨበጨበች።

«ለየላት» አለች እትዬ ለቀለም ቀቢው በሹክሹክታ። «በአባቷ ወገን ነው።»

የሳሎኑ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ተፋጠው ድምፁን እንደ ኳስ ይቀባበሉታል። ጠማማው ክፍል ውስጥ ግን ድምፁ ሄዶ ሄዶ ወደ መጣበት የሚመልሰው ያጣል። ንጣፎቿም እንደ ሳሎኑ ነበሩ። ወደ ላይና ወደ ታች መርገብገብ የሚገባው ድምፅ ወደ ጎን እያመለጠ፣ በሚተያዩት ጠርዞች መካከል እየተመላለሰ ነው ጥርስ ያበቀለው። የጎዳት ያው የኮራችበት የተስተካከለ ጠርዝ ነው።

«ጋሼ፣ ሜትርዎን ያምጡልኝ።»

ጋሼ አንዱን ጫፍ ያዘላት። አምስቱንም ግድግዳ ለኩ።

«ልናፈርሰው ነው?» አለ በመጨረሻ፣ ተስፋ እያደረገ።

«ልናባዛው ነው።»

ሐሙስ ጠዋት ኢንጂነሩ ንድፉን አየ። ወረቀቱን አዞረው፤ መልሶ አዞረው።

«ማን ነው የረገጠው?»

«የአጎቴ ቤት ነው። አርባ ሺህ ጊዜ አሳንሼዋለሁ።»

«ካልሠራስ?»

«ካልሠራ ጠጥቶ ነበር ማለት ነው።»

ኢንጂነሩ ነገሩ አልገባውም፤ አልገባኝም ከማለት መፈረም ቀለለው።

ከሁለት ወር በኋላ ናሙናው ሲለካ መስመሩ ለጥ ብሎ ወጣ፤ ለምልክት የሚሆን ጥርስ የለውም። ኢንጂነሩ ገመዱን ነቅሎ፣ መልሶ ሰክቶ ለካው። ያው ነው። ምላጭ ምንም አላለችም፤ ቢሮው ከማጣሪያው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ዝምታ ነው።

ቅርጹ በመዝገብ ላይ ስም ያስፈልገው ነበርና «ጋሼ» ብላ አስገባችው። ከዚያ ወዲያ ነዳፊዎቹ፣ ስንቱ ንጣፍ በመስመሩ ላይ እንደሚደረደር፣ ስንቱ ከመሬት ሽቦው ጋር እንደሚያያዝ ሲቆጥሩ፣ «ሰባት ጋሼ በተከታታይ፣ አራት ጋሼ ወደ መሬት» እያሉ ያለ ሳቅ የሚነጋገሩ ሆኑ። ምላጭ ንድፉን በትልቅ ወረቀት አሳትማ ቤት ስታመጣ ይህንኑ አነበበችላቸው።

«አራት ጋሼ መሬት ላይ?» አለች እትዬ። «ያን ቀን እንኳ አንድ ብቻ ነበር።»

ጋሼ ግን ጣራውን አላየም። ንድፉን ሳሎን ሰቀለው፤ እንግዳ ሲመጣም የሚጀምረው እሱ ሆነ። «ድምፁን አስቤ ነው እንደዚያ ያወጣሁት። ለሰው አልገባውም ነበር።» ለሦስተኛው እንግዳ ሲያወራ እትዬ ምላጭን ወደ ማድቤቱ ጠርታ በሩን ገጠም አደረገችው።

«ስሚ ልጄ፤ አጎትሽ ያን ቀን አልጠጣም።»

«እና?»

«ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ነበር። ሠራተኞቹ መጥተው ቆሙ፤ ማን ያሳያቸው? ክሩን የወጠርኩት እኔ ነኝ። ችካል ስመታ ድንጋይ ይገጥመኛል፤ ፈቀቅ አድርጌ እመታለሁ፤ እዚያም ድንጋይ። ድንጋይ የሌለበት አምስት ቦታ አገኘሁና ጨረስኩ።»

ምላጭ በበሩ ስንጥቅ ሳሎኑን አየች። የጋሼ ስም በፋብሪካው የቅርጾች ማውጫ ላይ ሰፍሯል፤ ከዚያ የወጣው ማጣሪያም ሚሊዮን አልፏል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ጠጥቶ ነበር የሚሉት ለምንድነው?»

«ተሽሎት ሲነሳ ግድግዳው ወገብ ደርሶ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ እንዳይስቁብሽ፣ ጠጥቶ ነበር በዪ አለኝ።» እትዬ ፎጣውን አጠፈች። «አደራ ነው። እኔም አንድ እንግዳ ሳላሳልፍ ጠብቄለታለሁ።»