የየኔታ ዕንባቆም ጉልበት

የኔታ ዕንባቆም ጎንደር ላይ አርባ ዓመት አቋቋም ሲያስተምሩ ለተማሪው ሁሉ የሚደጋግሟት አንዲት ምሳሌ ነበረቻቸው፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።» ሌላውን መምከር መቼም ቀላል ነው።

ቀኝ ጉልበታቸው መራመድ ሲከለክላቸው ልጃቸው ሕሊና እየለመነች ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ዶክተር ፈህሚያ የራጁን ፎቶ አሳየቻቸው።

«የኔታ፣ ያለቀው የመገጣጠሚያው የውስጥ ጎን ነው። የውጭው ደህና ከሆነ ግማሹን ብቻ በብረት እቀይራለሁ፤ ጅማትዎን አልነካም።»

«ለሰሙነ ሕማማት እሰግዳለሁ?»

«ግማሹ የተቀየረለት ብዙ ሰው ይንበረከካል። ሙሉው ከሆነ ግን መስገዱን ይተዉት።» ይህን ብላ የጉልበታቸውን ውጭ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። «እዚህ ጋ ያምዎታል?»

እሳት ሆነባቸው። ስግደት ከቀረብኝ ምን ቀረኝ አሉ በልባቸው። ፊታቸውን እንኳ ሳያጨማድዱ «ኧረ ምንም አይለኝ!» አሏት። ጉልበታቸውን ከፍታ ስታየው ሙሉው ካስፈለገ እንድትቀይርም ፈረሙላት።

በቀዶ ሕክምናው ዕለት የደነዘዙት ከወገባቸው በታች ብቻ ነበር። ከመጋረጃው ማዶ መሣሪያው ሲንኳኳ እየሰሙ ውዳሴ ማርያም ያደርሳሉ። ድንገት ኳኳታው ቆመ።

«የኔታ፣ የውጭውም አልቋል። ያምዎት ነበር?»

ጣራ ጣራውን አዩ። «ያመኝ ነበር፣ ልጄ።»

«ግማሹን ቀይሬ ብዘጋው ኖሮ ብዙም ሳይቆዩ ይመለሱ ነበር» አለች። አልተቆጣችም፤ እሳቸውን ያሳፈራቸውም ይኸው ነው። ሙሉውን ቀየረችው።

ጾሙ ሲገባ ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ ቄስ ኪዳነ ማርያም ሄዱ። ቄሱ የገዛ ተማሪያቸው ነበሩ።

«ለስግደት ብዬ ዋሸሁ» አሏቸው። እንደ ልማዳቸው የጠበቁት መቶ ስግደት ነበር፤ የማይችሉት መሆኑ ትዝ ያላቸው በኋላ ነው።

«ስግደትስ አላዝዝዎትም፣ የኔታ። እስከ ትንሣኤ ድረስ ሰው ሲጠይቅዎ፣ ካመመዎ አመመኝ ይበሉ። ቀኖናዎ ይኸው ነው።»

ይህማ ምን አላት ብለው ነበር። ሕሊና በየጠዋቱ «ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» ስትላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ካሉ በኋላ «አመመኝ» ማለት ያቅታቸዋል። ከሺህ ስግደት ከበዳቸው።

ስቅለት ደረሰ። ኪርያላይሶን ሲባል ሕዝቡ ሁሉ ግንባሩን ከመሬት አገናኘ፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ቄስ ኪዳነ ማርያም ከስግደት ቀና ሲሉ የመምህራቸውን እንባ አዩ።

«የኔታ፣ ጉልበትዎ ነው?»

«ጉልበቴስ ዛሬ ደህና ነው። አለመስገዴ ነው ያመመኝ» አሉ።

ቀጣዩ ኪርያላይሶን ሲባል ቄሱ አልሰገዱም። መጥተው ከጎናቸው ቆሙ።