ይቆረጥብኝ

«በየወሩ ሲቆረጥበት ኖሮ ሳይበላው ሄደ» አለች አንዷ ለቀስተኛ። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። አጠገቧ ያለችው ከንፈሯን መጠጠች። «ለሞተ ሰው ጡረታ ምን ያደርግለታል?»

ጣይባ ፍራሹ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ሁሉንም ትሰማለች። ባሏ ኑርሁሴን ዓይደር ሆስፒታል ተኝቶ ከርሞ ከትናንት ወዲያ ነው የተቀበረው። ዞራ አላየቻቸውም። ሰው ሬሳ ከወጣበት ቤት ቁጭ ብሎ የሚያወራው አያጣም።

ባልና ሚስቱ ከወሎ መጥተው መቀሌ ከከተሙ ጀምሮ የሠሩት አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነው። እሱ ሚዛን ላይ፣ እሷ ጆንያ ስፌት ላይ። በ2003 ክረምት ከግል ድርጅት ሠራተኛም ደመወዝ ለጡረታ ይቆረጥ የሚል ሕግ ሲመጣ፣ ግቢው ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የተቆጣው ኑርሁሴን ነበር። ላቤን ማን ሊበላው ነው ይል ነበር። ቤት ገብቶም አልበረደለትም። ጣይባ እራት አቅርባለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አባትህ እንዲህ ሲቆረጥላቸው ቢኖር፣ እኛ ቤት ሲመጡ ጓዛቸውን ይፈቱ ነበር?»

ኑርሁሴን ጎርሶ እንደያዘ ቀረ። አባቱ ኮምቦልቻ ላይ ጭነት ሲያወርዱ አርጅተው፣ ወገባቸው ሲከዳቸው ልጆቻቸው በየተራ ይዘዋቸዋል። መጨረሻ ላይ መቀሌ እነ ኑርሁሴን ጋ መጡ። ማንም ክፉ ቃል ተናግሯቸው አያውቅም። ግን ከገበታው ሳይጠግቡ «ጠገብሁ» ብለው ይነሡ ነበር። የልብሳቸውን ፌስታል አንድም ቀን አልፈቱትም፤ በገዛ ልጃቸው ቤት መንገደኛ ሆነው ሞቱ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ኑርሁሴን ሌላ ሰው ሆነ፤ ይቆረጥ ብሎ የሚከራከረው እሱ ሆነ። ከጣይባ ጎን የምትሰፋው ኣዳነች፣ «እሺ ይሁን፤ ግን ለምን ሳልጠየቅ በየወሩ ይወሰድብኛል?» ስትለው ሣቀ።

«ብትጠየቂ ትሰጪያለሽ? እኔ አልሰጥም። ዛሬ የልጅ ጫማ አለ፣ ነገ የቤት ኪራይ አለ። እጅ ከገባ በኋላ ለእርጅና የሚተርፍ የለም። ደግሞ እኮ ብሬ ለኔ ተቆልፎ የሚቀመጥ አይደለም። ዛሬ የሚሠራው ዛሬ ያረጀውን ያበላል። እኛን የሚያበላን ገና ትምህርት ቤት ነው ያለው።» ወደ ጆንያው አፍ ጠቆመ። «ይኼን ክር ከአንድ በኩል ብትስቢው ምን ይሆናል? አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ኣዳነች ታውቀዋለች። አንዴ ከተሳበ ተተርትሮ እስከ ጫፍ ይሄዳል።

ዘንድሮ የፋብሪካው ባለቤት አቶ ከፋለ መላ አመጡ። ያልፈለገ በቀን ሠራተኛነት ይዛወር፣ ምንም አይቆረጥበትም አሉ። እሳቸው ለጡረታው በየሠራተኛው ላይ የሚጨምሩት፣ ከሠራተኛው ድርሻ የሚበልጠው፣ አብሮ እንደሚቀር አልተናገሩም። ብዙው ሰው ተዛወረ። ኣዳነችም ተዛወረች። ኑርሁሴንና ጣይባ እምቢ አሉ፤ እሱ እምቢ እንዳለ ታመመ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ አቶ ከፋለ ራሳቸው መጡ። ሴቶቹ ወንበር ለቀቁላቸው። ነፍስ ይማር ብለው፣ የኑርሁሴንን ታማኝነት አንሥተው ሲያበቁ ወደ ጣይባ ጠጋ አሉ።

«ኣጆኺ፣ አይዞሽ። ቦታሽ ይጠብቅሻል። ብቻ ከእንግዲህ እንደ ሌሎቹ በቀን ሒሳብ ትሆኛለሽ። ምንም አይቆረጥብሽም። አሁን ሙሉው የሚያስፈልግሽ ጊዜ ነው።»

«ይቆረጥብኝ» አለች ጣይባ።

አቶ ከፋለ ወንበራቸውን ይበልጥ ወደ እሷ ሳቡ።

«አልገባሽም መሰለኝ...»

«ገብቶኛል፣ አቶ ከፋለ። ከኔ ሲቀር ከርስዎም ይቀራል። ኑርሁሴን የከፈለው ተበላ ሲባል ሰንብቷል። ለሚስት የሚደርሰው ይደርሰኛል፤ የቀረው ይበላ። የበላው ያረጀ ሰው ነው፤ ከሰው ደጅ ሳይቆም ነው የበላው። የኔም ይቆረጥ፣ የርስዎም ይቆረጥ። ቋሚ ሠራተኛ ነኝ፤ ነገ እገባለሁ።»

አቶ ከፋለ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ ብለው ተነሡ። ማንም አልሸኛቸውም። ኣዳነች ከጥጉ ሆና አንገቷን ደፍታ ነበር።

ጎረቤቷ ጁዋይሪያ፣ ባል የሞተባት ሴት ቤቷ የምትቆይበትን ዒዳሽን ሳትጨርሺ እንዴት ትወጫለሽ ብላ ተከራከረቻት። ጣይባ ግን ሼሁን አስጠይቃ ነበር። እንጀራዋን ቀን ላይ ሠርታ ለአዳር ወደ ቤቷ እስከተመለሰች ድረስ አይከለከልም ብለዋታል።

በማግሥቱ ጠዋት በሩን ስትከፍት ኣዳነች ቆማ አገኘቻት።

«ሓፍተይ፣ እህቴ» አለች ኣዳነች፤ ዐይኗ አብጧል። «አቶ ከፋለን ወደ ቋሚነቴ መልሱኝ ልላቸው ነው። ብቻዬን ግን እፈራለሁ።»

«አብረን እንገባለን።»

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ኣዳነች በመኪናው በኩል ሆና ልትሄድ ስትል፣ ጣይባ ክንዷን ይዛ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ አዞረቻት። ከጣይባ ጋር ሲሄድ በመኪናው በኩል ሁልጊዜ የሚሆነው ኑርሁሴን ነበር። ጣይባ በዚያ በኩል እሱ የሚሄድበትን ያህል ቦታ ትታ መሐሉን ይዛ ሄደች። ከኋላ የመጣ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። ኣዳነች ወደ ጠርዙ ሳበቻት።

ጣይባ አልተጠጋችም። ባጃጁ ዞሮ አለፈ።