ሩዝ የሌለበት እሑድ

አይሲልዳ በሩዝ ፋንታ የፈቀፈቀችውን አበባ ጎመን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ እጇ እስኪዝል ጨመቀችው። ውሃው ካልወጣ ገንፎ እንደሚሆን ካበላሸቻቸው ድስቶች ተምራለች። ምድጃው ላይ ቀይ ቦሎቄው በኮኮናት ወተት ይንተከተካል። ጦስኙም ነጭ ሽንኩርቱም ገብቷል፤ ያልተሰነጠቀ ቃሪያ ከላይ ተንሳፏል። በክላረንደን አውራጃ የእሑድ ምሳ ያለ ሩዝና ቦሎቄ ምሳ አይባልም። እዚህ ቤት ግን የባሏ የላሴልስ የእግር አውራ ጣት በስኳር በሽታ ከተቆረጠ ወዲህ ሩዝ ደጃፉን አልረገጠም። ሐኪሙስ «ትንሽ ቢበላ አይጎዳውም» ብሎ ነበር። እሷ ግን ባሏን ታውቀዋለች፤ ትንሽ የሚባል ነገር አያውቅም። እሱን ከልክላ ለብቻዋ መብላቱ ግፍ መስሎ ስለታያት ራሷም ተወችው። ቁስሉ ግን እምቢ አለ። በቶሎ ካልደረቀ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ እንደሚቆረጥ ተነግሯቸዋል።

«እትዬ ጋ ደርሼ ልምጣ» አለ ላሴልስ ምርኩዙን እያነሳ። «ጣሪያዋ ያፈሳል አለችኝ።»

«በዚህ እግርህ ጣሪያ ልትወጣ?»

«አይቼ ሰው እፈልግላታለሁ። ለምሳ እደርሳለሁ።»

ከሄደ በኋላ አይሲልዳ ጎመኑን ቦሎቄው ውስጥ ጨምራ ከደነችው። ዞር ስትል ከምግብ በፊት የሚውጠው ኪኒን ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። እሳቱን አጥፍታ፣ ሽርጧን ፈታ፣ ቁልቁል ወደ እህቱ ወደ ሜርዴላ ግቢ ወረደች።

ጣሪያውን የሚያይ ሰው አልነበረም። ላሴልስ ማንጎው ሥር ተቀምጦ፣ ጭኑ ላይ ጢም ያለ የሩዝና የቦሎቄ ሳህን ይዟል። በዕድሜ ብዙ የሚበልጡት እህቱ ሜርዴላ በጭልፋ ይጨምሩለታል።

«ጣሪያው ተጠገነ?» አለች አይሲልዳ።

ላሴልስ ማንኪያው አፉ ጋ እንደደረሰ ቀረ።

«ቁጭ በይ እንጂ፤ ቆሞ ነገር ምንድነው?» አሉ ሜርዴላ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እትዬ?»

«እሑድ እሑድ ነዋ። እናታችን ስትሞት ይህን ልጅ በሩዝ ነው ያሳደግኩት። አንቺ በጎመን ልትገድዪው ስትነሺ ዝም ብዬ ልይ?»

«የሚገድለው የያዙት ጭልፋ ነው።»

«መሞቱ ካልቀረ ጠግቦ ይሙታ።»

አይሲልዳ ወደ ባሏ ዞረች። «ባለፈው እሑድ እጅሽ ይባረክ ብለህ አስጨመርከኝ።»

«እንዳይከፋሽ ነው፣ አይሲ። ስትለፊ እያየሁ ምን ልበልሽ? ጎመንሽን እንደ መድኃኒት ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምውጠው።»

«አልፈልግም ማለት አቃተህ? እኔ እኮ ቁስልህ የማይደርቀው በኔ ጥፋት እየመሰለኝ፣ ቦሎቄውን እንኳ ስቀንስብህ ነበር።»

ከአጥሩ ማዶ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ዓይኗን ሰበረች፤ አይሲልዳ ያኔ ገባት። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ገበያ ላይ ጎመን ስትመርጥ የሚጠቃቀሱትም በሷ ኖሯል።

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለኔም ያውጡልኝ» አለች።

ሜርዴላ አየት አድርገዋት ሳህን አመጡ። አይሲልዳ በላች። ሩዙ ፍልፍል ብሎ በስሏል፤ ኮኮናቱ ጠልቆ ገብቶበታል። መጣፈጡ ራሱ አናደዳት። ሳህኗን እስከ መጨረሻው ጨረሰች። ከዚያ ኪኒኑን ከኪሷ አውጥታ ላሴልስ አጠገብ አስቀመጠችና ተነሳች። እሱም ምርኩዙን ፈለገ።

«አትነሳ» አለችው። «እዚሁ ሁን።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ ሜርዴላ።

«ቁስሉ ጠዋትና ማታ በጨው ውሃ ይታጠባል፣ እትዬ። ፋሻው ሲላቀቅ ይሸታል። ፊትዎን አያጥቁሩበት፤ ያፍራል።»

ሳህኗን ቧንቧው ሥር አጥባ ደፋችውና ወጣች።