ጠበል የነካው ሲሊንደር

"ማነው ይሄን ውሃ ያስነካው?"

ሀሴት ሲሊንደሩን ወደ መስኮቱ አዙራ ውስጡን አየችው። ማታ እንደ መስታወት ወልውላ ያሳደረችው ብረት ቡናማ ዝገት ለብሷል።

የስደት ሰፈራቸው ናሙዎንጎ ባለችው አንዲት ክፍላቸው ወለል ላይ ማዳበሪያ ተነጥፏል። አባቷ መርዕድ እስኪሞት ሰው ሲያመላልስበት ከኖረው ቦዳ ሞተር ሳይክል የተፈቱት ዕቃዎች በላዩ ተሰልፈዋል። ሁሉም በተፈቱበት ተራ ነው የተደረደሩት፤ ሲገጠሙ ከኋላ ወደ ፊት ይኬዳል። ይህን ያስተማራት ስልኳ ላይ ያየችው ቪዲዮ ነው። በወረርሽኙ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ሌላ አስተማሪ የላትም።

ታላቅ ወንድሟ አማን በሩን ተደግፎ ሳቀ። "ዶክተር! በሽተኛው አመለጠሽ እንዴ?"

"አፍህን ዝጋና ብርጭቆ ወረቀቱን አቀብለኝ።"

"የምሬን ነው ሀሴት። ዛሬ ካልተነሳ ለቁራሌው እሰጠዋለሁ። በዋጋው የእጅ ጋሪ እንገዛለን። ታክሲ ከታገደ ጀምሮ እማዬ በርበሬ ተሸክማ ካባላጋላ ገበያ ድረስ በእግሯ ስትኳትን ማየት በቃኝ።"

"እሱን የአባዬን ሞተር ለቁራሌ? በሬሳዬ ላይ!"

ከአልጋው ጫፍ እናታቸው ታደለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔ ነኝ" አለች። "ሆዱ ተከፍቶ ሲያድር ፈራሁለት። ጠበል ረጨሁበት።"

"ጠበል? እማዬ፣ ሞተር እኮ ነው! ያለቀ የፒስተን ሪንግ እንጂ ጋኔን የለበትም!"

አማን በሳቅ ፈነዳ። ታደለች ግን አልሳቀችም።

"አባታችሁንም ልረጨው ነበር" አለች። "ሆስፒታል ከመስታወቱ ወዲያ ተኝቶ አላስገቡኝም። በላስቲክ ጠቅልለው ሲቀብሩትም ከሩቅ ነው ያየሁት። ጠርሙሱን እንደያዝኩ ተመለስኩ።"

ሀሴት ብርጭቆ ወረቀቱን ዘይት ውስጥ ነክራ ዝገቱን ቀስ እያለች ፈገፈገችው፤ ለቀቀላት። ግቢው ውስጥ ወደቆመው ሞተር ሳይክል ዕቃዎቹን ተሸክማ ወጣች። ትንሿ የፒስተን መያዣ ቀለበት አምልጣ የሞተሩ ሆድ ውስጥ እንዳትገባ አፉን በጨርቅ ወተፈች፤ ፒስተኑን ካሰረች በኋላ ጨርቁን አወጣች። አዲሶቹ ሪንጎች ክፍተታቸው እንዳይገጣጠም እያዟዟረች ዘይት ቀባቻቸው። ሲሊንደሩ ሲገባ እምቢ ቢላት እንኳ አልመታችውም፤ አባበለችው። የላዩን ክዳን ገጥማ ብሎኖቹን በየተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያለች አጠበቀች።

ቁራሌው የግቢውን ቆርቆሮ በር አንኳኳ።

"ደረሰ" አለ አማን። "በይ ርገጪዋ!"

ሀሴት እግሯን መርገጫው ላይ አወጣች። ቀና ስትል ታደለች ግድግዳው ጥግ ቆማለች፤ እጇን ነጠላዋ ስር ደብቃለች። ምን እንደያዘች መጠየቅ አላስፈለጋትም።

እግሯን መልሳ አወረደች።

"እማዬ፣ አሁን ሆዱ ተዘግቷል። ነይ ርጪው። ካንዴላዋ እንዳትረጥብ ብቻ እለፊያት።"

በሩ ደግሞ ተንኳኳ። "ኧረ ሰውየው!" አለ አማን።

"ይጠብቅ" አለች ሀሴት። የጠበሉን ጠርሙስ ክዳን ራሷ ለእናቷ ከፈተችላት።