የውባንተ ትከሻ

ከጋሸና መገንጠያ እስከ ብልባላ ገበያ አረጋ በቪዲዮ ያልቀረጸው ሰርግ እንደ ሰርግ አይቆጠርም ነበር። ባልና ሚስት ልጅ ወልደው፣ ልጃቸውን ክርስትና አስነስተው እንኳ፣ «አረጋ ነው የቀረጻችሁ?» ሲባሉ «አይ» ካሉ፣ ሰዉ እንደ ውሽሞች ነው የሚያያቸው። ካሜራውን ሲያነሳ ቄሱ ጥምጥማቸውን ያስተካክላሉ፤ በሬ ጅራቱን ማወራጨት ይተዋል። ይህን የሚያወራው በአብዛኛው ራሱ አረጋ ነው፤ ቢሆንም እስካሁን ያስተባበለ በሬ አልተገኘም።

ስለዚህ ውባንተ ሲሞት፣ እናቱ እትዬ ስሜነሽ ያላቸው ተስፋ አረጋ ዘንድ መሆኑ አያስገርምም።

ውባንተ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሚሊኒየሙ በገባ በመስከረም፣ መኪናው ከጋሸና ቁልቁል ሲወርድ ገደል ገባ። አስከሬኑ ሲመጣ ፊቱን ለእናቱ ማሳየት አልተቻለም። የዚያን ለት የላስታ ተራራ ሁሉ አንድ ክንድ ዝቅ ብሏል፤ ያልዘቀጠ ካለ ያላለቀሰ ነው።

ከልጁ የቀረላቸው ለመታወቂያ የተነሳው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። ውባንተ ደግሞ ዝም ብሎ ሲቆም ውባንተ አይደለም። ትከሻ ነበረው! እስክስታ ሲመታ የዳሱ ቅጠል ይረግፋል፤ የጠላው አረፋ ከዋንጫው ላይ ይገፈፋል፤ ሽማግሌ ከዘራውን ጥሎ ይነሳል። ያ ትከሻ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አረጋ ብልባላ ላይ፣ በውባንተ አክስት ልጅ ሰርግ በቀረጸው ካሴት ውስጥ።

«እትዬ፣ እኔ ዘንድ አለ» አላቸው አረጋ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ። «ሕያው ሆኖ ነው ያለው።»

«አሁን አላየውም» አሉ። «ከል ለብሼ እስክስታ አላይም። ሙት ዓመቱ ይውጣ፤ ከሌን ባወለቅሁ ማግሥት እመጣለሁ። እስከዚያው ጠብቅልኝ፣ አረጋዬ።»

«እንደ ታቦት!»

ጠብቆ ቢያስቀምጠው ደግ ነበር። አረጋ ግን ዝም ብሎ ማስቀመጥ አይሆንለትም፤ ማሳመር አለበት። ያኔ ኮምፒውተር የገዛ ሰሞን ነበር፤ በእሱ አፍ ኮምፒውተሩን ለማምጣት ሦስት አህያ ደክሟል። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ ሲያየው፣ ውባንተ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠርዙ እንደ ሚዶ ጥርስ ይተለተላል። ደንግጦ ወልድያ ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ፣ ለሂሻም ደወለ።

«ካሜራህ አንዱን ስዕል ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያነሳው» አለው ሂሻም። «መጀመሪያ መስመር እየዘለለ ግማሹን፣ ከዚያ የዘለለውን። ሁለቱ እስኪገናኙ ሰውዬው ቦታውን ለቋል፤ ጥርሱ እሱ ነው። የሚያጠፋ ፕሮግራም በሲዲ እልክልሃለሁ። ሦስት ዓይነት አሠራር አለው፤ አንዱ ግማሹን መስመር ይጥላል፣ አንዱ የጎደለውን እየገመተ ይሞላል፣ አንዱ ሁለቱን ግማሽ ያዋህዳል። ብቻ ወላሂ፣ ስታወዳድር እያስኬድክ እይ። አቁመህ እንዳትፈርድ!»

«ሂድ ወዲያ! የእኔ ዓይን እዚህ ሆኖ የቆቦን ማሽላ ፍሬ በፍሬ ይቆጥራል።»

ሲዲው መጣ። ኮምፒውተሩ ግን ሲያስኬዱት እንደ ሰነፍ በቅሎ እየቆመ አስቸገረ። ደግሞስ በላስታ ጥሩ ስዕል ማለት የቆመ ስዕል አይደል? ካሜራ ሲያይ ትንፋሹን ውጦ፣ እጁን ለጥጦ የማይገተር ማን አለ? አረጋም ውባንተ አገጩን ቀና አድርጎ ሊጀምር ሲል ያለችውን ቅጽበት አቁሞ፣ በሦስቱም አሠራር አትሞ፣ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ከቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፋት። አገሬው ለፍርድ ተኮለኮለ።

«ይሄኛው አፍንጫው ደረጃ ሠርቷል።»

«ይሄኛውስ ጢሙ ላይ ጉንዳን የሚሄድ አይመስልም?»

«ኧረ ይሄኛው! ጠበል ተጠምቆ የወጣ ነው የሚመስል።»

ሁለቱን ግማሽ ያዋሃደው በአንድ ድምፅ አሸነፈ። የአረጋ ሚስት ሰብሌ ብቻ ከበሩ ተደግፋ፣ «ሲጨፍር እንየው እንጂ፤ ቆሞማ መች አየነው?» አለች።

«አንቺ ደግሞ፣ የሕዝብ ፍርድ ልትሽሪ ነው?» አለና ጭፈራውን ሙሉ ባሸነፈው አሠራር አጸዳ፤ ያልጸዳውን ቅጂ ቦታ እንዳይዝበት ከኮምፒውተሩ ሰረዘ።

ከጥምቀት በኋላ ሰርግ እንደ አንበጣ ወረደ። ወልድያ ድረስ ባዶ ካሴት ጠፋ። አረጋ ሙጃ ወደምትባል ከተማ ለሰርግ ሲጠራ መደርደሪያውን ቃኘ። ንጹሑ ውባንተ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ጥርሳሙ ምን ያደርግለታል? የብልባላውን ካሴት አንስቶ ሙጃ ወረደ።

ሙት ዓመቱ በወጣ ማግሥት እትዬ ስሜነሽ ነጭ ለብሰው መጡ። ዓመት ሙሉ ከል ስለለበሱ ነጩ የሰው ልብስ መሰለባቸው። ሰብሌ በርጩማ አቀረበች። አረጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ አዲስ አበባ እንኳ እንዲህ ተደርጎ አይጸዳም።»

ውባንተ ብቅ አለ። አገጩ ቀና፣ ፊቱ ጥርት ያለ። እትዬ እጃቸውን ወደ ስዕሉ ዘረጉ። ጭብጨባው ጋለ፣ ከበሮው ፈጠነ፤ ውባንተ ትከሻውን ሰበቀ። ትከሻው ግን አልነበረም። ካንገቱ በታች ጉም ነበር። ወዲያ ያለው ትከሻና ወዲህ ያለው ትከሻ አንድ ላይ ተዋሕደው ሟሙተዋል፤ ከጉሙ ላይ አንድ የታጠበ ፊት ብቻ ተንሳፍፏል።

«ይሄ ጢስ ምንድን ነው?»

«ጥርስ የሚመስል መስመር ነበረው፤ እሱን አጥፍቼው ነው፣ እትዬ…»

«ትከሻው የታለ?»

አረጋ ስዕሉን ወደኋላ መልሶ እንደገና አስጀመረው፤ ያው ጉም ነው።

«ያላጸዳኸውን አምጣው፤ ጥርስ አለው ያልከውን። የወለድሁት ልጅ ጥርሱ ያስፈራኛል?»

አረጋ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ካሴቱን አውጥቶ ካሜራው ውስጥ ከተተ። ኮምፒውተሩን ዞር ብሎ ማየት ስላስጠላው፣ ካሜራውን ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘ። የሙጃዋ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

«ይቺ ማን ናት?»

«ካሴት… ጠፍቶ ነበር፣ እትዬ።»

እትዬ አልጮኹም። አልተነሱምም። የማያውቋቸውን ሙሽሮች፣ የማያውቁትን ድግስ፣ ከመሐል ልጃቸው የሚወጣ ይመስል እስከ መጨረሻው ተመለከቱ። ሙጃዎቹ ተመራርቀው ተለያዩ። ስዕሉ ተርገበገበ፤ ከዚያ የብልባላው ዳስ ብቅ አለ። የሙጃው ሰርግ ያልደረሰባት የካሴቱ ጭራ ቀርታ ነበር።

ጭፈራው አልቋል። ውባንተ ላቡን በነጠላው ጠርጎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ። ትከሻው ከነአጥንቱ፣ ከነላቡ ይታያል፤ አንዲት የሚዶ ጥርስ የለችም። አረጋ ያኔ ገባው። አሮጌው ቴሌቪዥን ሁለቱን ግማሽ በየተራ ያሳያል፤ አንድ ላይ የሚያጋጫቸው ኮምፒውተሩ ነው፤ ጥርሱ የኮምፒውተሩ እንጂ የካሴቱ አልነበረም። እዚህ አሮጌ ሣጥን ላይ ቢያሳየው ኖሮ፣ ምንም ሳያጸዳ፣ ውባንተ ሙሉ ነበር።

«መልሰው» አሉ እትዬ።

መለሰው። ውባንተ ወጣ።

«መልሰው።»

ወጣ።

«ሲወጣማ አይቼው ነበር፣ የዚያን ለት ጠዋት ከደጄ» አሉ እትዬ ቀስ ብለው። «ሲመጣ ነበር የፈለግሁት።»

ሰብሌ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እትዬ እጃቸውን ዘረጉ፤ አረጋ ካሴቱን አውጥቶ ሰጣቸው። በአዲሱ ነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«እትዬ… ቤትዎ ማጫወቻ የለም እኮ።»

«የለም» አሉ፣ ከበሩ ሥር ጎንበስ ብለው እየወጡ። «ላዩ ላይ የሚቀርጽበትም የለም።»